ኤክስክሎዝዲስፕሌይ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? የአንድ ክር ውሎ፣ መልስ በመልስ

ክሩን፣ ማለትም የመድረኩን ውይይት፣ የከፈተው ወጣት ለሊኑክስ ዴስክቶፑ አንዲት ትንሽ ፓነል እየሠራ ነው፤ በሲ ቋንቋ፣ ያለ ምንም ቱልኪት (ዝግጁ የመስኮትና የአዝራር ስብስብ)፣ በቀጥታ በኤክስሊብ፤ ይህም ፕሮግራሞች ስክሪኑን፣ ማውዙንና ኪቦርዱን ከሚያስተዳድረው ከኤክስ ሰርቨር ጋር የሚነጋገሩበት ላይብረሪ ነው። ፓነሏ ከስክሪኑ ግርጌ ተቀምጣ አዶዋን ሲጫኑ ፕሮግራም ታስነሳለች። ችግሩ ይኸውና፦ ፕሮግራሙ በደንብ ይነሳል፣ ፓነሏ ግን ወዲያው ትሞታለች፤ ተርሚናሉ ላይ የሚቀረው ከኤክስ ሰርቨሩ ጋር የነበረው ግንኙነት ተበጥሷል የሚል መልእክት ብቻ ነው። ልጁ ኮዱን ሲበረብር ቆይቶ ኤክስክሎዝዲስፕሌይ የሚለውን፣ ከሰርቨሩ ጋር ያለውን ግንኙነት (ዲስፕሌዩን) የሚዘጋውን ጥሪ፣ ካለበት ሁሉ አጠፋው። ፓነሏ መሞቷን አቆመች። ከዚህ ተነስቶ የያዘው አቋም ጠንካራ ነው፦ ፈንክሽኑ ጥቅም የለውም፤ ፕሮግራም ሲያልቅ ከርነሉ ግንኙነቱ የሚያልፍበትን ሶኬት ራሱ ይዘጋዋል፣ ሰርቨሩም የቀረውን ያጸዳል፤ በኤክስኦፕንዲስፕሌይ መክፈት ግዴታ ነው፣ መዝጋት ግን የመማሪያ መጻሕፍት ያወረሱን ልማድ ነው። የማይስማማ ካለ በማስረጃ ይምጣ ብሎ ጨረሰ።

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው አልፍባቸዋለሁ። ስለ ዲስፕሌይ ግንኙነት በአማርኛ እንዲህ ጠለቅ ተብሎ ሲወራ እምብዛም አላየሁም፤ ስለዚህ ቁም ነገሩ በመሃል በተነሳው ጭቅጭቅ ተሸፍኖ እንዲቀር አልፈልግም።

መልስ 1። ጸሐፊው በትህትና ተስማማ። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ክላየንት (ከእሱ ጋር ለተገናኘ ፕሮግራም) የሚይዘው የመዝጊያ ስልት እንዳለና ሌላ ካልተነገረው ሁሉንም አጥፋ የሚለውን እንደሚከተል አስረዳ። ሶኬቱ ሲዘጋ የክላየንቱ መስኮቶች፣ ፒክስማፖች (ሰርቨሩ ውስጥ የተቀመጡ ሥዕሎች)፣ የፎንት መለያዎችና ጂሲዎች (የአሳሳል ቅንብሮች) ይጠፋሉ፤ ማውዙን ወይም ኪቦርዱን ለብቻው ይዞ ከነበረ ይለቀቃል። ፕሮግራሙ በሥርዓት ይውጣ ወይም በሲግናል ይገደል፣ ለሰርቨሩ ያው ነው። እስከዚህ ድረስ ልጁ ልክ ነው።

መልስ 2። ይህኛውም ተስማማ፣ ግን አንድ ነገር ጨመረ፣ ጭማሪውም ቀላል አይደለም። ኤክስሊብ የምንሰጠውን ትእዛዝ ወዲያው አይልክም፤ በፕሮግራሙ በኩል ባለ ቡፈር ያጠራቅማል። ቡፈሩ የሚወጣው ሲሞላ፣ በኤክስፍላሽ ወይም በኤክስሲንክ ስናዝዘው፣ አለዚያም በኤክስኔክስትኢቨንት አዲስ ክስተት መጠበቅ ስንጀምር ነው። ጸሐፊው በአንድ ወቅት የማውዙን ጠቋሚ ወደ ስክሪኑ ጥግ የምታዛውር አጭር ፕሮግራም ጽፎ ነበር፤ ትከፍታለች፣ ታዛውራለች፣ ትወጣለች። ጠቋሚው ግን ንቅንቅ አላለም፤ ትእዛዙ ቡፈሩ ውስጥ እንዳለ ፕሮግራሟ አልቃ ነበር። መጨረሻዋ ላይ ኤክስክሎዝዲስፕሌይ ሲጨምር ሠራች፤ ፈንክሽኑ ከመዝጋቱ በፊት የመጨረሻ ኤክስሲንክ ስለሚያደርግ። የኤክስሊብ መመሪያም ከመውጣታችን በፊት በግልጽ እንድንዘጋ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳይደርሱን የቀሩ ስህተቶች የሚታዩት ያኔ ነው። ለእኔ የክሩ ጥያቄ ግማሽ መልስ ያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎች ግን ሳያዩት አልፈዋል።

መልስ 3 አጭር ነው፦ ጥሪው የትኛው ቦታ ላይ እንደነበረ ሳናይ መከራከሩ ዋጋ የለውም፣ ኮዱን አምጣው። መልስ 4 የራሱ የከፋቹ ነው። ኮዱን ለጠፈ። ፓነሏ ፕሮግራም ስታስነሳ በፎርክ የራሷን ቅጂ፣ ልጅ ፕሮሰስ፣ ትወልዳለች፤ ልጁ መጀመሪያ ኤክስክሎዝዲስፕሌይን ይጠራል፣ ከዚያ በኤግዜክ ወደ አዲሱ ፕሮግራም ይለወጣል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ የሚነሳው ፕሮግራም የፓነሏን ግንኙነት ወርሶ እንዲሄድ አልፈለገም። ሐሳቡ የጠንቃቃ ሰው ሐሳብ ነው፤ ቀጥሎ እንደሚታየው ግን መንገዱ አደገኛ ነው።

መልስ 5። በሙሉ እርግጠኝነት የተጻፈ። ኤክስክሎዝዲስፕሌይ ለሰርቨሩ ዝጋ የሚል ትእዛዝ ይልካል፣ ሰርቨሩም የፓነሏን መስኮቶች በሙሉ ያጠፋል፣ ስለዚህ ፓነሏ ብትሞት ምን ይገርማል አለ።

መልስ 6 ረጅም ነው፤ ድምፁም ከበድ ያለ። ከ1987 ጀምሮ ባለው በኤክስ11 ፕሮቶኮል ውስጥ ዝጋ የሚባል ትእዛዝ ከቶ የለም ብሎ ጀመረ። መግባቱ ሥርዓት አለው፦ ክላየንቱ በመጀመሪያው ባይት የባይቶቹን አደራደር ይናገራል፣ የፕሮቶኮሉን ቁጥር 11 እና 0 ያስከትላል፣ ከዚያም የማረጋገጫውን ዓይነትና ምስጢራዊውን ኩኪ ይሰጣል። ሰርቨሩ እምቢ ይላል፣ ወይም ተጨማሪ ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ ወይም ይቀበላል። ከተቀበለ ስለ ስክሪኖቹ ይነግረዋል፣ አንድ ትእዛዝ ቢበዛ ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ያሳውቀዋል፣ የራሱ የሆነ የመለያ ቁጥር መነሻም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ክላየንቱ ለሚፈጥረው መስኮት ሁሉ ቁጥር የሚያወጣው ከዚያ መነሻ ነው፤ ሰርቨሩም የማን ንብረት እንደሆነ የሚያውቀው በዚያው ቁጥር ነው። መውጣቱ ግን ሥርዓት የለውም፤ ሰርቨሩ የሚያየው የሶኬቱን መቋረጥ ብቻ ነው። ፎርክ ከተደረገ በኋላ አንዱን ሶኬት ሁለት ፕሮሰሶች ስለሚይዙት፣ ልጁ የራሱን ቅጂ ቢዘጋም የወላጁ እስካለ ድረስ ግንኙነቱ አይቋረጥም።

ታዲያ ፓነሏን ምን ገደላት? እሱ እንደሚለው ልጁ ፕሮሰስ ሲዘጋ ዝም ብሎ አይዘጋም። መጀመሪያ የየስክሪኑን ነባሪ ጂሲ አስለቅቆ ኤክስሲንክ ያደርጋል፤ እነዚህ ትእዛዞች ደግሞ በወላጁ ሶኬት ነው የሚያልፉት። የትእዛዝ ቅደም ተከተል ቁጥር ከትእዛዙ ጋር አይላክም፤ ክላየንቱም ሰርቨሩም በየራሳቸው ይቆጥራሉ። ልጁ ሁለት ሦስት ትእዛዝ ጣልቃ ሲያስገባ የሰርቨሩ ቆጠራ ይገፋል፣ የወላጁ ባለበት ይቀራል። ወላጁ ያልላከውን ትእዛዝ ቁጥር የያዘ መልስ ሲመጣበት ኤክስሊብ ከሥሩ የሚጠቀምበት ላይብረሪ ኤክስሲቢ የማላውቀው ቁጥር ብሎ ፕሮግራሙን ያስቆማል። ያ መልእክት ጥፋቱን በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) በሚሠሩ ፕሮግራሞች ላይ ያመካኛል፣ ኤክስኢኒትትሬድስ አልተጠራም ይላል፤ ሰዎችም በተሳሳተ አቅጣጫ ሲፈልጉ ይውላሉ፤ ፎርክም ያንኑ እንደሚያመጣ የሚያስታውስ የለም። መጨረሻ ላይ መልስ 5ን ፕሮቶኮሉን ሳታነብ ሰው አታሳስት አለው። ትምህርቱ ግሩም ነበር፤ ያቺ አረፍተ ነገር ግን የክሩን አየር ለወጠችው።

መልስ 7 እና 8 ከጉዳዩ ወጡ። አንዱ በዚህ ዘመን በኤክስሊብ የሚጽፍ ሰው ጊዜውን ያባክናል፣ ኪውቲ ወይም ጂቲኬ እያለ ምን ያደክማል አለ። ሌላው ቱልኪቶቹ ራሳቸው ከሥር የሚጠሩት ምን መሰለህ ብሎ መለሰለት፤ ከዚያ በኋላ የተጻፉት ቃላት እዚህ ሊደገሙ የሚገቡ አይደሉም።

መልስ 9። ክሩን ያዳኑት እኚህ ሰው ናቸው። ከአጻጻፋቸው በዩኒክስ ሥራ ብዙ ዘመን ያሳለፉ መሆናቸው ይታወቃል፤ ከእሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ ጋሼ እያሉ ነው የጠሯቸው። 5 እና 6 ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል አሉ። በፕሮቶኮሉ ውስጥ ዝጋ የሚል ትእዛዝ አለመኖሩ እውነት ነው። የኮፒው መዘጋት ብቻውን ግንኙነቱን እንደማይቆርጥም እውነት ነው። ነገር ግን ኤክስክሎዝዲስፕሌይ በመጨረሻ የሚጠራው የኤክስሲቢን ማቋረጫ ፈንክሽን ነው፤ ያ ፈንክሽን ደግሞ ሶኬቱን ከመዝጋቱ አንድ መስመር ቀደም ብሎ በሁለቱም አቅጣጫ ሻትዳውን ያደርገዋል። ክሎዝ የሚነካው የጠራውን ፕሮሰስ ቅጂ ብቻ ነው። ሻትዳውን ግን ከሥር ያለውን ግንኙነት ራሱን ነው የሚቆርጠው፤ ስንት ፕሮሰስ ቢይዘውም ለሁሉም ይቆረጣል። ልዩነቱን ሲያስረዱ፣ የጋራ ቤት ቁልፍን መልሶ መሄድና በሩን በግንብ ዘግቶ መሄድ አንድ አይደለም አሉ። ስለዚህ ልጁ ፕሮሰስ ያደረገው በእርግጥ የወላጁን ግንኙነት መግደል ነው፤ ሰርቨሩም ሶኬቱ ሲቋረጥ የፓነሏን መስኮቶች እንደ ልማዱ አጸዳ። ማስረጃቸው ከመክፈቻው ጽሑፍ የተገኘ ነው፦ ከፋቹ ተርሚናሉ ላይ ያየው ግንኙነት ተበጥሷል የሚል ነው፤ በቁጥር መዛባት ቢሆን ኖሮ የሚያየው 6 የጠቀሰውን የኤክስሲቢ መልእክት ነበር።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። የስህተት መልእክትን ቃል በቃል ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

መልስ 10 የ6 ጸሐፊ ነው። የሊብኤክስሲቢን ምንጭ ኮድ ከፍቶ ሻትዳውኗን እንዳገኛት ጻፈ፣ ጋሼን አመሰገነ፣ ለ5 የተናገረውን ግን አላነሳውም። ቢያነሳው ጥሩ ነበር፤ 5 ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

መልስ 11 ከፋቹ ነው፦ እሺ፣ ልጁ ፕሮሰስ ውስጥ ታዲያ ምን ልጻፍ? መልስ 12 ጥርት ያለ መልስ ሰጠው። ምንም አትጻፍ፤ ኤክስኦፕንዲስፕሌይ ሶኬቱን ሲከፍት በኤግዜክ ጊዜ ተዘጋ የሚል ምልክት ስለሚያደርግበት አዲሱ ፕሮግራም አይወርሰውም። በግልጽ መዝጋት ከፈለግህ የመስኮት አስተዳዳሪው ዲደብልዩኤም እንደሚያደርገው በኮኔክሽንነምበር የፋይል ዲስክሪፕተሩን ቁጥር ወስደህ በተራው ክሎዝ ብቻ ዝጋው፤ እሱ ኮፒህን ብቻ ይመልሳል። ኤግዜክ ካልተሳካ ደግሞ በኤግዚት አትውጣ፣ ከፊቱ የሥር መስመር ባለበት በሌላኛው ውጣ፤ አለዚያ ወላጁ ለመውጫው ያስመዘገባቸው የጽዳት ፈንክሽኖች ልጁ ውስጥ ይሠራሉ። ልጁ የራሱን መስኮት መክፈት ከፈለገም የራሱን ኤክስኦፕንዲስፕሌይ ይጥራ፤ አንድን ግንኙነት ሁለት ፕሮሰስ አይጋሩት።

እስከዚህ ድረስ ስለ ፎርክ ነበር። መልስ 13 ወደ ዋናው አቋም መለሰን፤ አትዝጉ የሚለው ምክር ረጅም ዕድሜ ባለው ፕሮግራም ላይ ምን እንደሚያመጣ ከሥራ ቦታው አንድ ታሪክ አወጋ። ባልደረባው የጻፈው የሁኔታ አሞሌ በየሰከንዱ አንድ ፈንክሽን ይጠራል፤ ፈንክሽኑ በገባ ቁጥር አዲስ ዲስፕሌይ ይከፍታል፣ የመስኮቱን ርዕስ ያነባል፣ ሳይዘጋ ይመለሳል። የኤክስኦርግ ሰርቨር ነባሪ ወሰን 256 ክላየንት ነው። ከ4 ደቂቃ ትንሽ በኋላ ዴስክቶፑ ላይ ምንም ነገር እምቢ አለ፤ ተርሚናል እንኳ ለመክፈት ቢሞከር የክላየንት ቁጥር ጣሪያ ደርሷል ይላል፣ ቀድሞ የተከፈተው ግን ይሠራል። ከርነሉ የሚያጸዳው ፕሮግራም ሲያልቅ ነው፤ የማያልቅ ፕሮግራም ማን ያጸዳለታል? መልስ 14 ወሰኑን በማክስክላየንትስ አማራጭ ወደ 512 ማሳደግ ይቻላል አለ። መልስ 15 ቆጣ ብሎ፣ ይህ መፍትሔ የሚባለው 4 ደቂቃውን 8 ደቂቃ ከግማሽ ስለሚያደርገው ነው ወይ ብሎ ጠየቀው። ቁጣው ቢበዛም ነገሩ ልክ ነው። ዲስፕሌይ መክፈት ውድ ነው፤ አንዴ ተከፍቶ እስከ መጨረሻው ይያዛል እንጂ በየፈንክሽኑ አይከፈትም።

መልስ 16 አቅጣጫውን ለወጠ፣ ግን ያመጣው ነገር የክሩ ጣፋጭ ክፍል ሆነ። የግድግዳ ሥዕል የሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች ሥራቸውን ጨርሰው ይወጣሉ፤ ታዲያ ሰርቨሩ ሁሉን ነገር የሚያጠፋ ከሆነ ሥዕሉ የያዘው ፒክስማፕ እንዴት ይተርፋል? ኤክስሴትክሎዝዳውንሞድ የሚባለውን በመጠቀም። ፌህ የተባለው ፕሮግራም ለዚሁ ብቻ ሁለተኛ ዲስፕሌይ ይከፍታል፣ ፒክስማፑን በዚያ ይፈጥራል፣ የመዝጊያ ስልቱን በቋሚነት አቆይ ብሎ ይለውጠዋል፣ ከዚያ ይዘጋዋል። ግንኙነቱ ይጠፋል፣ ንብረቱ ይቀራል። የፒክስማፑ መለያ ቁጥር ስክሪኑን በሙሉ በሚሸፍነው ዋና መስኮት ላይ ስለሚመዘገብ ቀጣዩ ሥዕል ቀያሪ ቁጥሩን አንብቦ በኤክስኪልክላየንት የቀድሞውን ያስለቅቃል። ይህ ባይደረግ እያንዳንዱ የተቀየረ ሥዕል በሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ይከማች ነበር። መዝጋት የራሱ ትርጉም ያለው ሥራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምን አለ? እዚህ ላይ መዝጋቱ የፕሮግራሙ አንድ እርምጃ ነው፤ በምን ስልት እንደሚዘጋ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ይመርጣል።

መልስ 17 በዚህ ተስፋ አደረገ። ኮፒ ያደረግሁት ጽሑፍ ፕሮግራሙን ስዘጋው የሚጠፋብኝ ነገር በዚሁ ስልት ይድናል ወይ አለ። መልስ 18 በትዕግሥት አይድንም አለው። በኤክስ ኮፒ የተደረገው ጽሑፍ ሰርቨሩ ጋ አይቀመጥም፤ ባለቤቱ ፕሮግራም ዘንድ ነው ያለው፣ ለጥፍ ሲባል ሰርቨሩ ባለቤቱን ይጠይቃል። ባለቤቱ ከሌለ መስኮቱ ቢተርፍ እንኳ መልስ የሚሰጥ የለም። ለዚህ የተበጀው የቅንጥብ ሰሌዳ አስተዳዳሪ ነው፤ ፕሮግራሙ ከመውጣቱ በፊት ይዘቱን ያስረክበዋል።

መልስ 19 የሰርቨር አስተዳዳሪ ነው፤ መዝጋቱን ትታችሁ መክፈቱን በቅጡ ፈትሹ አለ። ኤክስኦፕንዲስፕሌይ ካልተሳካ ባዶ ጠቋሚ ነው የሚመልሰው፤ ሳይፈትሹ ዲፎልትስክሪን ያሉ ሰዎች ፕሮግራም እዚያው ይወድቃል። ስም ካልተሰጠው ዲስፕሌይ ከሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሚወርሰው ቅንብር) ያነባል፤ ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው በክሮን የሚነሳ ሥራ ላይ ያ ተለዋዋጭ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። በቲሲፒ ሲሆን ፖርቱ 6000 ሲደመር የዲስፕሌዩ ቁጥር ነው፤ ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤች ግንኙነቱን ሲያስተላልፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ስለሚጀምር ፖርቱ 6010 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ምርጥ ነበር። ቀጥሎ ግን ፈቃድ ከተከለከላችሁ በኤክስሆስት የመደመር ምልክቷን ሰጥታችሁ ተገላገሉ አለ።

መልስ 20 የክሩ ስለታም መልስ ነው። ይህን ምክር ለተማሪ መስጠት ነውር ነው ብሎ ተነሳ። ያቺ ትእዛዝ የመግቢያ ፍተሻውን በሙሉ ታነሳለች፤ ሰርቨሩ ጋ መድረስ የቻለ ማንም ሰው ገብቶ የምትጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል፣ የይለፍ ቃልህን ጨምሮ፣ ማንበብና ስክሪንህን መቅዳት ይችላል። ኤክስ አንድ ጊዜ ያስገባውን ክላየንት ከሌሎቹ አይለይም። ትክክለኛው መንገድ በኤክስአውዝ ኩኪውን ለሚያስፈልገው ተጠቃሚ ማካፈል ነው። እኔም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ፤ አነጋገሩ ሻካራ ነበር፣ ግን በጋራ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ጀማሪ ያንን ምክር ቢከተል ጉዳቱ ቃላቱ ካሻከሩት ይልቃል።

መልስ 21 ከፓነሉ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ በራሱ የኤክስሊብ ፕሮግራም ውስጥ በአማርኛ ማስጻፍ አልቻለም። መልስ 22 በደስታ ተቀበለው። ሴትሎኬል በባዶ ስም፣ ከዚያ ኤክስሴትሎኬልሞዲፋየርስ፣ ከዚያ የግብዓት ዘዴውን የሚከፍተው ኤክስኦፕንአይኤም፤ ፊደሉን በኤክስዩቲኤፍ8ሉክአፕስትሪንግ ማንበብ። ሊብኤክስ11 ራሱ ለኢትዮጵያ አማርኛ የተዘጋጀ የኮምፖዝ ፋይል (የትኞቹ ቁልፎች ተከታትለው የትኛውን ፊደል እንደሚሰጡ የሚዘረዝር) ይዞ እንደሚመጣም ነገረው፤ ብዙዎቻችን አናውቀውም ነበር። ወደ ክሩም መለሰን፦ የግብዓት ዘዴው በዲስፕሌዩ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ መጀመሪያ የግብዓት አውዱ፣ ቀጥሎ ኤክስክሎዝአይኤም፣ መጨረሻ ኤክስክሎዝዲስፕሌይ። በሥዕል ላይብረሪው በኦፕንጂኤል ለሚሠራም እንዲሁ ነው፤ የሥዕል አውዱ ከዲስፕሌዩ በፊት ይለቀቃል።

መልስ 23 ኤክስን እየተካ ያለውን ዌይላንድን አነሳ፣ በጨዋነትም። እዚያም በደብልዩኤል-ዲስፕሌይ-ኮኔክት ይከፈታል፣ ስም ካልተሰጠው ዌይላንድ-ዲስፕሌይ ከሚባለው ተለዋዋጭ ያነባል፣ ካልተሳካ ባዶ ይመልሳል፣ በዲስኮኔክት ይዘጋል። ፎርክ አድርጎ ግንኙነትን መጋራት እዚያም አይሆንም። እንግዲህ ወደ አዲሱ የሚሻገር ሰው ይህን ትምህርት ይዞት ይሻገራል።

መልስ 24 ከፋቹ ነው። ጥሪውን ከልጁ ፕሮሰስ አስወጥቶ ወደ ዋናው ፕሮግራም መጨረሻ መልሶታል፤ ፓነሏም ትሠራለች። አቋሙን በግልጽ ቀየርኩ አላለም፣ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ፦ ሰርቨሩ ራሱ ድንገት ቢሞት ፓነሏ ቅንብሯን ፋይል ላይ አስቀምጣ መውጣት ትችላለች? መልስ 25 መለሰለት። በኤክስሴትአይኦኤረርሃንድለር የራስህን ፈንክሽን አስመዝግብ፤ ፈንክሽኑ ቢመለስም ኤክስሊብ ፕሮግራሙን ከዚያ ያስወጣዋል፣ ስለዚህ የምታስቀምጠውን እዚያው አስቀምጥ። ከዚያ በኋላም መቀጠል የምትፈልግ ከሆነ ከሊብኤክስ11 1.7 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዲስፕሌይ የመውጫውን እርምጃ የሚተካ ኤክስሴትአይኦኤረርኤግዚትሃንድለር አለ፤ በሞተው ግንኙነት ላይ ግን አንድም የስዕል ትእዛዝ እንዳትሰጥ።